ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል

ከቀጨኔ የወጣሁበት ምሽት ዝናብ ነበር። እናቴ ከመድኃኔዓለም ያመጣችውን ጠበል ሻንጣዬ ውስጥ ልትከት ስትታገል፣ እኔ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ዚፑን ስጎትት፣ ጎረቤቱ በረንዳ ላይ ተጠጋግቶ ሲመርቀኝ፣ ጋሽ ሙሉጌታ ብቻ ዝናብ ውስጥ ቆመው የማኪናዋን መስታወት ይወለውሉ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ናቸው። የሰፈራችንም ሰው ናቸው፤ ነፍሱን ይማረውና ከአባቴ ጋር በአንድ እድር የኖሩ።

ቦሌ እስክንደርስ ብዙ አልተናገሩም። ደርሰን ሻንጣዬን ጋሪ ላይ ጫኑና ወደ በሩ መግፋት ሲጀምሩ፣ «ይብቃዎት ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው።

«ተይኝ» አሉ። «ሰው እስከ መሰላሉ ማድረስ ልማዴ ነው።»

ቀልድ ነበር፤ ግን ሁለታችንም አልሳቅንም። ለምን እንዳልሳቅን ካልነገርኳችሁ የቀረው ታሪክ አይገባችሁምና ትንሽ ወደኋላ ልመለስ።

የምሠራበት ድርጅት ዓለም አቀፍ ነው፤ ስሙን አልጽፍም። አዲስ አበባ ቅርንጫፍ አለው፤ ከቅርንጫፉ ሥር ደግሞ ራቅ ባሉ ቦታዎች ንዑስ ቢሮዎች አሉት። ከነዚህ በአንዱ ጋሽ ሙሉጌታ ሹፌር፣ ጋሽ ተካ የሚባሉ የቁስቋም ሰው ደግሞ መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። አንድ ቀን አካባቢው ሰላም አጣና ዋናው ቢሮ ትንሽ አውሮፕላን ላከ። ጋሽ ሙሉጌታ የውጭ ፓስፖርት ያላቸውን ሠራተኞች በሁለት ዙር አመላልሰው እስከ አውሮፕላኑ መሰላል አደረሱ። ሦስተኛው ዙር የእኛ ነው ብለው ጋሽ ተካን ሊያመጡ ሲዞሩ፣ አንዷ አለቃቸው ከመሰላሉ ላይ ሆና «መኪናውን ቆልፍና ቁልፉን በደንብ ያዝ» አለቻቸው። በሩ ተዘጋ። ባዶ ወንበር ነበር፤ በመስኮቱ አይተውታል።

የድርጅቱ ደንብ እንደዚያ ነው የሚለው። አደጋ ሲመጣ የሚወጣው «ዓለም አቀፍ ሠራተኛ» ነው። «የአገር ውስጥ ሠራተኛ» ግን አገሩ ነውና ወዴት ይሄዳል? ጋሽ ተካ ስኳር ነበረባቸው። ኢንሱሊናቸው አለቀ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ጥቂት ቀናት ቆይተው መጋዘኑ ውስጥ የዱቄት ጆንያ ላይ እንደተኙ አረፉ። ጋሽ ሙሉጌታ የማኪናዋን ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው አጠገባቸው ነበሩ።

«ማሻሻያ» የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ድርጅቱ ራሱን ሊያድስ፣ ደንቡን ከሥሩ ሊከልስ ነው ተባለ። ከጄኔቫ ዶክተር ግርማቸው የሚባሉ የአገራችን ሰው፣ የማሻሻያው ኮሚቴ ኃላፊ፣ የሠራተኛውን ብሶት ሊሰሙ አዲስ አበባ መጡ። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ አድገው በወጣትነታቸው የወጡ ናቸው። ሲናገሩ ታዲያ ጉለሌነታቸው ሙሉ ነው፤ «በቃ በሉኝ፣ አትፍሩ፣ እኔ ልጃችሁ ነኝ» ብለው ቁጭ አሉ። እኔ የቢሮው ጸሐፊ ስለነበርኩ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። ጋሽ ሙሉጌታ ተናግረው ሲጨርሱ የጻፍኩትን ቃል በቃል መልሼ አነበብኩላቸው። «ፍራሽ ላይ አትበይ፣ ጆንያ ላይ በይ» ብለው አረሙኝና ፈረሙበት። ዶክተሩ እንዲህ ያለ ቃለ ጉባኤ ጄኔቫ አይቼ አላውቅም አሉ። ከዚያ ቃል አንቀጽ አሥራ ሁለት ተወለደ፤ «አደጋ ሲመጣ ድርጅቱ ፓስፖርት ሳይለይ ሁሉንም ሠራተኞች ያወጣል» የሚል። እኔም በዚያው የኮሚቴው ጸሐፊ እንድሆን ተጠራሁ።

እንግዲህ ቦሌ በር ላይ ጋሽ ሙሉጌታ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የተካ ነገር ተጽፎ ብቻ እንዳይቀር። ይነበብ። ይጽደቅ።» በአባቴ አፅም ምዬ ቃል ገባሁላቸው።

ጄኔቫ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ብርዱ ነው። «ቢዝ» የሚሉት ንፋስ አላቸው። የእንጦጦ ንፋስ ቁስቋም ላይ ሲመታችሁ ቢያንስ የባሕር ዛፍ ይሸታችኋል፤ ይህ ምንም ሳይሸት አጥንት ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው የተቀበለኝ የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ነው። አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ጠየቀኝ።

«እዚህ ላይ የአገር ውስጥ ሠራተኛ ይላል። እዚህ ደግሞ ዓለም አቀፍ ሠራተኛ። የትኛው ነዎት?»

«እስከ ትናንት የአገር ውስጥ ነበርኩ። ዛሬ ዓለም አቀፍ ነኝ።»

«በአንድ ቀን ምን ተለወጠ?»

«አውሮፕላን ተሳፈርኩ።»

ሰውዬው ጥቂት አሰበና «ትክክል» ብሎ ማህተሙን መታ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጋሽ ተካ ትዝ አሉኝ።

አከራዬ ማዳም ሮሻ የምትባል አሮጊት ናት። ልብስ የማጥበው በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ጠዋት ብቻ እንደሆነ በጽሑፍ ሰጠችኝ። አንድ ቅዳሜ ሽሮ ሠራሁ። ማክሰኞ በሬ ሥር ደብዳቤ አገኘሁና ወርጄ አንኳኳሁ።

«ማዳም፣ ጎረቤቶች በምግቡ ሽታ ተቸግረዋል ይላል። ማን ነው የተናገረው?»

«ማንም አልተናገረም።»

«ታዲያ እንዴት አወቁ?»

«ጻፉልኝ።»

«ከላይ ያለው ሰውዬ ትናንት ሊፍት ውስጥ ቦንዡር ብሎኝ የልጁን ፎቶ አሳይቶኛል እኮ!»

«ደብዳቤው የእሱ ነው» አለች በትሕትና። «በአካል ቢነግርዎ ነውር ይሆናል።»

እኛ ዘንድ የተቀየመ ሰው ሰላምታ ይነሳል፤ እዚህ የተቀየመ ሰው ሰላም ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። ያኔ ነበር ልነቃ የሚገባኝ። አልነቃሁም፤ ሽሮዬን በመስኮት በኩል እያናፈስኩ መብላት ጀመርኩ። ፎንዱ የሚሉት የቀለጠ አይብም አላቸው። ከአንድ ድስት ነው የሚበላው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ለየሰዉ ረጅም ሹካ ታደለ፤ ዳቦው ድስቱ ውስጥ የወደቀበት ሰው ይቀጣል አሉኝ። አብሮ መብላትም ደንብ አለው ለካ። ደግሞ ጾም ነበር፣ አልበላሁም።

ወደ ኮሚቴው ልግባ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ዓለም የሚተዳደርበት ቦታ ምን ይመስላል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ውሃው በብርጭቆ ነው። ጠቡ ደግሞ በሙሉ የቃል ጠብ ነው። ያልተስማሙበት ቃል ቅንፍ ውስጥ ይገባል። ከአንቀጽ አሥራ ሁለት «ሁሉንም» የምትለዋ ቃል ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቅንፍ ገባች። የሀብታሞቹ አገር ተወካይ «ሁሉንም ካልን ስንት አውሮፕላን ሊበቃን ነው?» አሉ። ይህን ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅሁት የድሆቹን አገር ተወካይ ነው። እሳቸው ደግሞ ተነስተው «ዜጋዬን ከገዛ አገሩ አውጡልኝ ብዬ እንዴት እፈርማለሁ? አገሬ ሰላም ናት!» አሉ። ስለዚህ ገንዘቡ ያላቸው በገንዘቡ፣ ክብሩ ያላቸው በክብሩ እየጎተቱ፣ ጋሽ ተካ ወራቱን ሁሉ ቅንፍ ውስጥ ከረሙ። «ሁሉንም» የሚለው ወጥቶ «አግባብ ያላቸውን» ገባ፣ እሱም ወጣ፣ «በተቻለ መጠን» ገባ።

እኔ በየማታው ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ የማስበው አባቴን ነው። አባቴ የእድራችን ጸሐፊ ነበር። ሰብሳቢው አንድ ነገር ካቀረቡ በኋላ «ተስማማን ወይ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ቤቱ «ተስማምተናል!» ካለ ይጻፋል። አንድ ሰው ብድግ ብሎ ከተቃወመም ይጻፋል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ዝም ካለ ግን አባቴ ብዕሩን ያስቀምጥና «ቤቱ አኩርፏል፤ ይደር» ይላል። ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያድራል። በመሐል ሽማግሌ ይላካል፣ የተቀየመው ይጠየቃል፣ ምን እንደከፋው ይሰማል። በእኛ እድር በዝምታ የጸደቀ ነገር የለም።

አንድ ቀን ዶክተር ግርማቸው ቢሯቸው ጠሩኝ። ደክመዋል፣ ክራቫታቸውን አላልተዋል።

«ትርሲት፣ በቃ ግትር ሆነውብናል። አሥራ ሁለትን ከያዝን ማሻሻያው በሙሉ ይወድቃል።»

«እና?»

«ለጊዜው እናውጣው። ሌላው ይጽደቅና በሚመጣው ዓመት እሱን ብቻ ለብቻው እናመጣዋለን። ታምኚኛለሽ?»

«ጋሽ ሙሉጌታስ? ምን እንበላቸው?»

«እሱን ለእኔ ተዪው። ራሴ ደውዬ አስረዳዋለሁ። ካንቺ ቢሰማ ይከፋዋል፣ ከእኔ ሲሆን ይሻላል። አንቺ ደብዳቤውን ብቻ ላኪ።»

ደብዳቤው «የዝምታ ሥርዓት» በሚሉት ነበር የሚሄደው። ይህን ልብ በሉ። ረቂቁ ለአባል አገሮች ሁሉና በየቅርንጫፉ ለተመረጡ የሠራተኛ ተወካዮች ይላካል። ከሥሩ ቀን ተቆርጦ ይጻፋል፤ እስከ ሐሙስ ቀትር ድረስ ተቃውሞ በጽሑፍ ካልደረሰን እንደተስማማችሁ እንቆጥራለን ይላል። አንድ ሰው እንኳ ከጻፈ ረቂቁ ተመልሶ ይከፈታል። የአዲስ አበባ ተወካይ ደግሞ ማን እንደሆኑ አትጠይቁኝ፤ ሠራተኛው ከዚያ ነገር በኋላ ጋሽ ሙሉጌታን መርጧቸው ነበር። የሌሎቹ ቢሮዎች ተወካዮችም የነገሩ ባለቤት እሳቸው ናቸውና የእሳቸውን ዓይን ነበር የሚያዩት።

ላክሁት። ከሥሩ ስሜ አለበት።

ማታውኑ ልደውልላቸው ስልኩን አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። ዶክተሩ ይደውላሉ ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን አፍሬ ነው፤ ከዚያም በታች ደግሞ ውሌ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔው ነኝ የምናገረው።

ሐሙስ ጠዋት የልብስ ማጠቢያ ተራዬን ትቼ ቢሮ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። በልቤ አንድ ሰው ይጻፍ፣ አንድ መስመር፣ አንድ «እንቢ» እያልኩ ነበር። ከአዲስ አበባ ምንም የለም። ከየትም ምንም የለም። ቀትር ሆነ። ደንቡ በሚያዘው መሠረት በገዛ እጄ «ተቃውሞ ስላልቀረበ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት ይላል ያገራችን ሰው። በጉን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ነብሩን ግን አላወቅሁትም።

በማግስቱ ግብዣ ሆነ። ማሻሻያው ተሳክቷል፤ ዶክተሩም ከፍ ያለ ወንበር ሊሰጣቸው ነው። ብርጭቆ ይዘው ሲስቁ አገኘኋቸውና ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዶክተር፣ ጋሽ ሙሉጌታ ሲደውሉላቸው ምን አሉ?»

«የትኛው ሙሉጌታ?»

«ሹፌሩ። ተወካዩ።»

«እ... እሱን ማለትሽ ነው? አልደወልኩም እኮ። ምን ያስደውላል?»

«ቢቃወሙስ ኖሮ?»

ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። «ትርስዬ፣ እኔም እኮ የጉለሌ ልጅ ነኝ። የኛን ሰው አላውቀውም? ከሥር ያንቺን ስም ሲያይ ያኮርፋል። ካኮረፈ ደግሞ አይጽፍም። በእኔ ስም ቢወጣ ኖሮ ይጽፍ ነበር።»

እስከዚህ ድረስ አንቱ እያልኩ መጣሁ። ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም። ፈረንጆቹ ቢያደርጉት ደንቡን እንጂ እኛን አያውቁም እል ነበር። ይህ ግን ያውቀናል። ኩርፊያችንን፣ ይሉኝታችንን፣ አባቴ ብዕሩን የሚያስቀምጥበትን ያንን ዝምታ አውቆ፣ ልክ እንደ ፊርማ ተጠቀመበት። የአገሩን ልማድ ለአገሩ ሰው ወጥመድ አደረገው፤ እኔን ደግሞ ገመዱ አደረገኝ። ብርጭቆውን ፊቱ ላይ ልደፋበት ነበር። አልደፋሁም። «እንኳን ደስ ያለዎት» አልኩት፤ ይኸው ጨዋነቴ።

ማሻሻያው በስኬት ተጠናቋልና ውሌም ታደሰ። ፈረምኩ።

ጋሽ ሙሉጌታ ጋ ለመደወል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እሑድ ከሰዓት፣ ከእድር ስብሰባ የሚመለሱበትን ሰዓት ጠብቄ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ትርሲት ነኝ።»

«አወቅሁሽ።»

«ደህና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ብርዱ እንዴት አደረገሽ?»

«ደህና ነው። ጋሼ... ደብዳቤው ደርሶዎት ነበር?»

«ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት። አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ኮምፒውተሩ ቆርጦት ይሆናል ብዬ ልጄን ወደ ታች ሳቢልኝ አልኳት። ሳበች፣ ሳበች፤ መጨረሻው ላይ ያንቺ ስም መጣ።»

«ለምን አልጻፉም ታዲያ? አንድ መስመር ብቻ ቢጽፉ ይከፈት ነበር! እስከ ሐሙስ ቀትር ጠበቅሁዎት።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?» ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «የጸሐፊ ልጅ አይደለሽም? ሰው ዝም ሲልሽ ምን ማለት እንደሆነ አባትሽ ያስተማረሽ መስሎኝ። ይገባታል፣ ደንገጥ ብላ ትደውላለች፣ ምን አስቀየምኩዎት ትለኛለች ብዬ ነው። ዝም አልኩሽ እኮ ትርሲት! ከዚህ በላይ ምን ልጩኽ?»

ዶክተሩ እደውላለሁ ብሎኝ ነበር ብዬ ጀመርኩና ለራሴም ስለቀፈፈኝ አቋረጥኩት። በአባቴ አፅም የማልኩት እኔ እንጂ ዶክተሩ አይደለም።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። እኔም ለመንገድ ዕቃዬን እያሰናዳሁ ነው።»

«የት ሊሄዱ?»

«ያው እዚያው። ንዑስ ቢሮው ተከፍቷል። አዳዲስ ፈረንጆች መጥተዋል፣ መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ይፈልጋሉ። ሰሞኑን ደግሞ ጥሩ ወሬ አይሰማም። ለተካ ሚስት አልነገርኳትም።»

«አይሂዱ ጋሼ።»

«እንቢ ካልኩ ሥራዬን ተውኩ ማለት ነው። ልጄ ገና ተማሪ ናት።»

«እንግዲያው ነገር ከተበላሸ ቀድመው ይሳፈሩ። ማንንም አይስሙ። ቁልፉን ይጣሉትና መሰላሉን ይውጡ። ቃል ይግቡልኝ።»

ዝም አሉ። ስልኩ አልተዘጋም። ቁልቁለቱን የሚወርድ ታክሲ ጥሩምባ፣ የሆነ ሰው ግቢ ውስጥ ሲስቅ፣ የእሳቸው ትንፋሽ ይሰማኛል። በዚህ አገር ደንብ ቢሆን ተቃውሞ አልቀረበም ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን ግን አውቃለሁ፤ ቢያንስ ይህን አውቃለሁ። ሽማግሌ እልካለሁ፣ እናቴን እልካለሁ፣ እኔም ነገ አዲስ አበባ ቢሮ ደውዬ እለምናለሁ ብዬ አሰብኩ። ጊዜ ብቻ ላግኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እሺም እንቢም አይበሉኝ። እንደ አባቴ ይደር እንበለው?»

«ልጄ» አሉኝ፣ «ካደረማ ነገ እኮ ነው የምሄደው።»